ትንሿ ተርቦና የዱዓ በር ዳገት

ባለፈው ዓርብ ልጄ ጀማል ከጁምዓ ሲመለስ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና «እማ፣ ከሁለቱ የትኛዋን ልውሰድ?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎት ትዳር ያልያዘ ልጅ እንዲህ ሲል እናት ሌላ ምን ታስባለች? «ቆይማ መነጽሬን» ብዬ ተሯሯጥኩ። ሰክቼ ሳያቸው ሁለቱም ቀንድ አውጣ የመሰሉ ብረቶች ናቸው፤ አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ።

«ተርቦ እኮ ነው» አለኝ፣ ያሰብኩት ገብቶት እየሳቀ። «መኪናዬ ዳገት ላይ እያቃሰተች አስቸገረችኝ። አንዷን ላስገጥምላት ነው።»

ሳቁ አልተጋባብኝም። ከዚያ ነገር ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል፤ ወልጄ አሳድጌአለሁ፣ ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጉልበቴም ከድቶኛል። ፍርሃቴ ግን አላረጀም። «ስልክህን አስቀምጥና ቁጭ በል» አልኩት። ያን ዕለት ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ ወይፈን እፈራለሁ፣ ገደልማ ከሩቁ ነው የምፈራው። «ፈሪ ለእናቱ» ይባል የለ? እናቴም ይህን ፍርሃቴን አይታ ሥራ ሰጠችው። አባታችን ሲሞት አንድ ነጭ የናፍጣ ፒካፕ ትቶልን ነበር፤ ከኋላ ሸራ የለበሰ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ የተገጠመለት፣ ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ሰውና እህል የሚያመላልስ። መሪውን ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ወረሰ። እናታችን ከእሱ ሌላ ወንድ ልጅ አልነበራትም፤ ሰይድ ደግሞ ቁልቁለት ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ልጅ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ጧት ጠራችኝና «ጋቢና ከጎኑ ትቀመጫለሽ። ሲፈጥን ትጮኺበታለሽ። ልጄን ከእጅሽ ነው የምቀበለው» አለችኝ።

አደራ ነው እንግዲህ፤ ምን ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድ «ሁለተኛዋ ፍሬን» ይለኝ ጀመር። ተሳፋሪውም ለመደኝ። ኩርባ ላይ «ያ ረቢ!» ብዬ ስጮህ ከኋላ በሸራው ውስጥ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። በጥቅምት ግራና ቀኙን የባቄላ እሸት ይሸታል፤ ገብሱ መንጣት ይጀምራል። በየመንደሩ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ የሚሸጡ ሴቶች መኪናውን ይከቡታል። ድንቹ ስለሚያቃጥል ከእጅ እጅ እያገላበጡ መብላት ነው። ሰይድ በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ ድንቹን ሲይዝ የእኔ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ከዚያ መንደሮቹ ያልቁና ብርዱ ይጠነክራል፤ ያኔ እኛ «ዱዓ በር» የምንለው ዳገት ደረሰ ማለት ነው።

ዱዓ በር በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ገደል ሆኖ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ አለ፤ ከወይራው ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ከዚያ ወይራ ሥር ሳይቆም የሚያልፍ መኪና አልነበረም። ሾፌሩ ይቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከተሳፋሪው በዕድሜ የሚበልጠው ሰው እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ በሰላም ለወጣነው ያመሰግናል፣ በሰላም እንድንወርድ ይለምናል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሚን» ይላል። ሞተር እያስጮኸ ዱዓ የሚቀበል ሾፌር ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደሚያፏጭ ሰው ነበር የሚታየው። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ አደረገ፤ ሰይድም መንዳት ሲማር ከማርሽ በፊት የተማረው ይህንኑ ይመስለኛል።

ችግሩ እዚያ ወይራ ሥር መድረሱ ነበር። አገሩ ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፤ ሰውም ሞተርም ያለከልካል። የኛ መኪና ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ታቃስትና ትቆማለች። ያኔ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይወጣል። እትዬ የሺ የሚባሉ ሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እዚያ ንፋስ ውስጥ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው፣ በየጥቂቱ እየቆሙ ሲወጡ «ተሳፍሮ በእግሩ የሚሄድ ከእኔ ሌላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላሉ። ሰው ይስቃል። ሰይድ አይስቅም ነበር። አንድ ቀን እትዬ የሺ መንገዱ ዳር ተቀምጠው መነሣት አቃታቸውና ደግፈን አወጣናቸው። በማግሥቱ ሰይድ ደሴ ልሂድ አለ፤ እናቴም እኔን አስከትላ ሰደደችው።

ደሴ ያለው መካኒካችን ጋሽ ተፈራ ይባላል፤ ወሬ የሚወድ፣ አፉ ላይ ሁልጊዜ ስንጥር የማይጠፋ ሰው። ሁለት ያገለገሉ ተርቦዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ። «የሚወጣው ጭስ ይቺን ያሽከረክራታል። እሷ ደግሞ አየር እየጠቀጠቀች ሞተሩን ታጎርሰዋለች። አየር በሳሳበት አገር ላለ ሞተር ጉርሻ በሉት።»

«የትኛዋ ትሻላለች?» አለ ሰይድ፣ እጁ ግን ትልቋ ላይ ነበር።

«እሷ ከጭነት መኪና የወጣች ናት። መጀመሪያ ትተኛለች፤ ስትነቃ በአንድ ጊዜ ነው፣ ወንበሩ ላይ ትለጥፍሃለች። ትንሿ ቶሎ ትነቃለች፣ ጉልበቷ ግን ልከኛ ነው። እንደ ሾፌሩ ጠባይ ነው እንግዲህ።»

የሾፌሩን ጠባይ እኔ አውቀዋለሁ። «በአንድ ጊዜ ስትነቃ ኩርባ ላይ ብንሆንስ?» አልኩ። ጋሽ ተፈራ ስንጥሩን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አዛወረና «እሱን መሪ የያዘው ያውቃል» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ኩርባ በዓይኔ አየሁት፤ መኪናዋ ስትዘል፣ የኋላ እግሯ ጠጠሩ ላይ ሲንሸራተት፣ ከዚያ ባዶውን። ሳላስበው እንባዬ መጣ። ባዕድ ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት የተቀቡ ወንዶች መሐል ማልቀስ እንዴት ያሳፍራል! ሰይድ ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን ከትልቋ ላይ አነሣ።

«ትንሿን ግጠምልን» አለ። «አለዚያ ይቺ ልጅ ኩርባ በደረስን ቁጥር ነፍሷ ልትወጣ ነው።»

ስንወጣ ጋሽ ተፈራ ከኋላችን «ትልቅ ዳገት ከወጣችሁ በኋላ ወዲያው እንዳታጠፏት! በጣም ትግላለች። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ትንሽ ትቆይ፣ ዘይቱ እየዞረ ያብርዳት» አለን። እኛም «እሺ» አልን። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ቀን በዓል ነበር። መኪናዋ ዱዓ በርን ሙሉ ጭነቷን ይዛ፣ ማንንም ሳታወርድ ወጣች። እትዬ የሺ ከኋላ ሆነው «እሰይ! ዛሬ ገና መኪና ተሳፈርኩ!» ሲሉ ሰማሁ። ወይራው ሥር ቆምን። የሰይድ እጅ ቁልፉ ላይ ሄደና ቆመ። እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። የጋሽ ተፈራ ቃል በሁለታችንም ጆሮ ነበር። ከኋላ ግን ሸህ ይማም፣ የሰፈራችንን ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘርግተዋል። መኪናው ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ የሞተሩን መጥፋት ይጠብቃል። ጋሽ ተፈራ ደሴ ነው፣ ሸሃችን ግን ጀርባችን ላይ ናቸው። ሰይድ ቁልፉን አዞረ።

በዚያው ቀጠለ። ዳገት፣ ወይራ፣ ቁልፍ፣ ዱዓ። ምንም ስላልሆነ ምንም የማይሆን መሰለን። እኔ ራሴ ቀስ በቀስ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ ጀመርኩ። እንዲያውም አንዳንዴ ኩርባ ላይ መጮኽ እረሳለሁ፤ ሰይድም «ፍሬኗ ተበላሸች እንዴ?» ይለኛል።

ገብሱ ታጭዶ ውርጭ ሲጀምር አንድ ቀጭን ፉጨት መስማት ጀመርኩ። ጧት ሞተሩ ሲነሣም ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። «ሰይዴ፣ ይሄ ፉጨት ምንድነው?» ስለው «ደስ ብሏት ነው፣ ተያት» አለኝ። ሁሉን የሚፈራ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ፍርሃቱ ሲያስጠነቅቅና ዝም ብሎ ሲቀባጥር ለሌላው ቀርቶ ለራሱም አይለይለትም። ዝም አልኩ።

ያን ቀን አቀስታ ለሰርግ የሚሄዱ ሰዎችን ጭነን ነበር። ፀሐይ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከኋላ ሴቶቹ ገና ካሁኑ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። ሸህ ይማምም እትዬ የሺም ነበሩ። ዱዓ በርን ወጣን። ሰይድ አጠፋ። ሸሃችን ረዘም ያለ ዱዓ አደረጉ፤ ለሙሽሮቹም ጨመሩበት። «አሚን» አልን። ሰይድ ሞተሩን አስነሣ፤ ከወይራው አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን።

መጀመሪያ ፉጨቱ ወፈረ። ከዚያ ተቋረጠ። ከዚያ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ጮኸ።

«ምነው ትሰጠዋለህ? እግርህን አንሣ!» አልኩት።

«አንስቻለሁ!»

ዝቅ ብዬ አየሁ፤ እውነትም እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ የለም። መኪናዋ ግን ቁልቁል ትገፋናለች። ሰይድ ቁልፉን አዞረ። አልጠፋም። ደግሞ አዞረ። ነቀለውና እጁ ላይ ያዘው፤ ቁልፉ እጁ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል። ያን ቁልፍ ሳይ የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቀውም። የሰው ትእዛዝ የማይሰማ ነገር ላይ ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ከኋላችን የተነሣው ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፈነው፤ ዘፈኑ ጩኸት ሆነ።

ሰይድ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠ። መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ፣ ተንሸራታ ቆመች። ከፊት መስታወቱ ወዲያ መንገድ አይታየኝም፤ ኩርባው ጋ ስለደረስን ፊት ለፊቴ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ሞተሩ ጭነቱ ሲቀልለት ጩኸቱ ባሰ። ወለሉ፣ በሩ፣ ጥርሴ ሁሉም ይንቀጠቀጣል።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!» ብሎ ሰይድ ጮኸ። ከኋላ ሰው ሲዘል፣ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። «ዘሃራ፣ አንቺም ውረጂ!»

«አንተስ?»

«የእጅ ፍሬኑ አይዝም። እግሬን ካነሣሁ ትሄዳለች። ውረጂ አልኩሽ!»

መውረድ ፈልጌ ነበር። አላህ ያውቃል፣ ከምንም በላይ መውረድ ፈልጌ ነበር። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። የበሩን እጀታ ጨብጫለሁ፤ ጣቴ አይከፍትም። እናቴ «ከእጅሽ ነው የምቀበለው» ያለችው ጆሮዬ ላይ ይደውላል፤ ያ ነው ያስቀረኝ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። እውነቱ ግን ሰውነቴ ደርቆ ነው።

በጭሱ ውስጥ ሸህ ይማምን አየኋቸው። ጥምጣማቸው ወድቋል፤ ደረታቸው ላይ ድንጋይ ታቅፈው ይሮጣሉ። እትዬ የሺ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሌላ ድንጋይ እያንከባለሉ ይከተሏቸዋል። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ታኮ ሊያደርጉ ነው። መኪናዋ ብትንቀሳቀስ መጀመሪያ የምትሄደው በእነሱ ላይ ነው። ሰርገኛው ሁሉ ድንጋይ ፍለጋ ተበተነ።

«ዞር በሉ!» አለ ሰይድ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለእኔ፣ «ዘሃራዬ፣ አምስተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ልለቅ ነው። ወይ ይታፈናል፣ ወይ…» አለና ተወው። ፊቱ አመድ መስሏል። እሱም እንደሚፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው። እጅጌውን ያዝኩ። «ያ አላህ» አለ፤ ለቀቀው።

መኪናዋ ዘለለች። ጭንቅላቴ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ። አንዱ ድንጋይ ከጎማው ሥር ተፈናጥሮ ገደሉን ወረደ፤ ሲወርድ ድምፁ አላልቅ አለን። ሌሎቹ ያዙ። ሞተሩ አንድ ሁለቴ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ።

ሰይድ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ እጅጌውን አልለቅም ብዬ እትዬ የሺ ናቸው ጣቴን አንድ በአንድ ያላቀቁኝ። ከተማ ስንመለስ «ወንድሜን ትቼ አልወርድም ያለች ጀግና» ተባልኩ። እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው ስል ትሕትና መሰላቸው። እናቴ ብቻ አመነችኝ፤ አገላብጣ ስማኝ «እንኳን እምቢ አለሽ» አለችኝ።

ጋሽ ተፈራ ተርቦዋን ፈትቶ ሲያሳየን ኩሽኔታዋ ተበልቷል፤ ውስጧ ያለው ዘይት ከስሏል። «ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ማኅተሟ ሲበላሽ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ገባ፤ ሞተሩም ናፍጣውን ትቶ ያንን ይበላ ጀመር። ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» አለ። ከዚያ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። «ከዳገት እንደወጣችሁ ታጠፏት ነበር እንዴ?»

«ለዱዓ ነው» አለ ሰይድ። በየዱዓው እየጋገርናት ኖረናል።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። ሌላ ትንሽ ተርቦ ይገጠም፤ ግን ወይራው ሥር ምን ሊሆን ነው? ለሽማግሌዎቹ «ያቃጠላት የእናንተ ዱዓ ነው» የሚል ማን ነው? ሰይድ ከገደሉ ይልቅ ይህን ፈራ። «ከሃዲ ይሉኛል» እያለ እንቅልፍ አጣ። አንድ ጧት እናቴ ሁለታችንንም ከፊቷ አድርጋ ሸህ ይማም ቤት ወሰደችን። ልጆቹ አንቀጽ የሚጻፍበትን እንጨት፣ ሉሓቸውን፣ ይዘው ደጅ ላይ ቁርአን ይቀራሉ። ሰይድ እጃቸውን ስሞ፣ እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራቸው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቁጣውን እጠብቃለሁ።

ሸሃችን ሰይድን ከአጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ «የዚያን ዕለት ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ምን አልክ?» ብለው ጠየቁት።

«ያ አላህ አልኩ፣ ሸሃችን።»

«ሞተሩ እየጮኸ ነበር?»

«ጆሮ እስኪያደነቁር።»

«እኔም ድንጋዩን ታቅፌ ስሮጥ ያንኑ ነበር የምለው» አሉ። «ታዲያ ያን ሁሉ ጩኸት አልፎ የሰማን ጌታ፣ በዝግታ ለሚሠራ ሞተር ይቸገራል? ጆሯችን የሚቸገርብን እኛ ነን። በል ሂድ፣ አታጥፋት፤ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ወይራው ሥር የኛ መኪና እያጉረመረመች ዱዓ ይደረግ ነበር። መጀመሪያ ሌሎቹ ሾፌሮች አጉረመረሙ፤ ኋላ ሸሃችን ራሳቸው «ተዋት፣ ትቀዝቅዝ» ሲሉ እየሰሙ ተዉት። ሰይድ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ሾፌር ሆኖ ኖረ። አሁን የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት በእግሩ ነው የሚያደርሳቸው።

ጀማል እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ከዚያ «የዛሬዎቹ እኮ ቁልፍ ብታዞሪም ሞተሩን ትንሽ አቆይቶ የሚያጠፋ መሣሪያ አላቸው» አለኝ። ይኑራቸው፤ ደስ ይለኛል። እኔን ግን ከብረቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። ሰይድ ሽማግሌ አከበረ፣ ሸሃችን መረቁን፣ እኛ አሚን አልን፤ ሁላችንም ደግ ሆነን፣ ተያይዘን ገደሉ አፍ ላይ ደረስን። «ሞተሩን ሳናጠፋ ዱዓ ይደረግ ይሆን?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ስለ ፈራን ማንም አልጠየቀም። ስንት ነገር ብፈራም ያን አንዱን ፍርሃት ነው ይቅርብኝ የምለው።

«ትንሿን ውሰድ» አልኩት። «ስታስገጥም ደግሞ ንገረኝ። መጀመሪያ ዳገት ስትወጣ ጋቢና እቀመጣለሁ።»

«አንቺ? እንዲህ እየፈራሽ?»

«አዎ፣ እየፈራሁ» አልኩት።